የአስፋው ወንበር

ይድረስ ለእትዬ ምንትዋብ፤ ወረኢሉ።

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ብርድ ሲመጣ ጉልበቴን ይጠዘጥዘኛል ብለሽኝ ነበር፤ ተሻለሽ ወይስ ያው ነው? እማዬ እንዴት ናት? እህል ትበላለች? ጋሽ ደምሰውን ሳሉ ለቀቃቸው? እንግዳወርቅ ትምህርቷን ቀጠለች ወይስ ትምህርት ቤቱ እንደተዘጋ ነው? ስልካችሁ ከጥምቀት ወዲህ አልገባ ብሎኛል። ከአገር ቤት ሰው በመጣ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ «ደህና ናቸው» ይሉኛል። ደህና ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ የሚያብራራልኝ ግን የለም። እኛ ቆመን እንሄዳለን። ቤታችንም ያው ገርጂ ያለው ነው፤ ኪራዩ ቢጨምርም አልለቀቅንም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ አብዱልገኒ ነው። አሁንም ምስር ይዞ ሾላ ገበያ መጥቶ አገኘሁት፤ ባለፈው ሲመጣ መልእክትሽን የነገረኝም እሱ ነው። ብሩክታይት ኮምቦልቻ ተምራ ከተመረቀች ወዲህ ቤት መዋሏን፣ አንድ ደላላ በጅቡቲ በኩል ሳውዲ አደርስሻለሁ እንዳላት፣ እሷም እሺ ልትል እንደተቃረበች ነገረኝ። «ገብረየስ ሥራ ካላገኘላት ከፋሲካ በኋላ ልጄ ሄዳለች ብለህ ንገረው አለችኝ» ነው ያለኝ።

መልሱን ሳላንዛዛ ልንገርሽ። ሥራው ተገኝቷል። እኔ ያለሁበት ቤት ነው፤ ደመወዙም ለጀማሪ ደህና ነው። ግን የማን ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ ሳታውቂ ብትልኪያት ነገ ትወቅሺኛለሽ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ለእሷም አንብቢላት።

የምሠራው አትላስ አካባቢ ነው። ድርጅታችን ለሆቴልና ለቪላ መጋረጃ ይሰፋል፣ ሶፋ ያለብሳል፣ ግድግዳ ይቀባል፤ ለልብስ ዲዛይነሮችም ጨርቅ አስነክሮ ያቀርባል። እኔ መጋረጃ እለካለሁ፣ እሰቅላለሁ። ቀለም የሚያመሳስለው አስፋው ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፤ ካታሎግ የሚሉት፣ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ የወረቀት ጥራዝ አለ። በየገጹ ቀለም ታትሞበታል፣ ከሥሩም ቁጥር አለው። አንዲት ዲዛይነር «ይህን ቁጥር እፈልጋለሁ» ትላለች፤ ማቅለሚያ ቤቱ ጨርቁን ነክሮ ያመጣል፤ አስፋው ጨርቁን ከገጹ ጋር አጠጋግቶ በመስኮት ብርሃን ያያል። ከተመሳሰለ ያልፋል፣ ካልተመሳሰለ ይመለሳል። የሁላችንም እንጀራ በዚያ ጥራዝ ላይ የቆመ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ያረጃል። በእጅ ብዛት ይቆሽሻል፣ ፀሐይ ቀለሙን ይመጠዋል፣ ነጩ ይወይባል፤ በየጊዜውም አዳዲስ ቀለሞች ይወጣሉ። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ በአዲስ መለወጥ አለበት። የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

አስፋውን በስም ታውቂዋለሽ። አዲስ አበባ እንደገባሁ ከኢምፔሪያል ሆቴል ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤቱ ያሳደረኝ፣ ኋላም ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው። ንብረት የሚያበላሽ ሰው አይደለም፤ ችግሩ አብዝቶ መጠበቁ ነው። የቴሌቪዥኑ ሪሞት እስከ ዛሬ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው። የሶፋውን ላስቲክ ባለቤቱ ልትቀድ ስትል «ገና አዲስ እኮ ነው!» ብሎ ጮኾባታል። ሶፋው የተገዛው ልጃቸው ሳትወለድ ነው፤ ልጅቷ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።

የመጨረሻው ካታሎግ ሲመጣም ያንኑ አደረገ። ገጾቹን ፈትቶ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰዳቸው፤ እንደ መታወቂያ አንድ በአንድ ላሚኔት አስደርጎ መልሶ በብሎን አሰራቸው። የከፈለውም ከራሱ ኪስ ነው። ሁላችንም አመሰገንነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ መኩሪያ ጥራዙን በሠራተኛው ፊት ከፍ አድርጎ ይዞ «ንብረት መጠበቅ እንዲህ ነው! ከእንግዲህ ካታሎግ ይገዛ የሚለኝ የለም» አለ። አስፋውም «እኔ ጡረታ እወጣለሁ እንጂ እሱ አይወጣም» አለና ሳቅን።

ላስቲኩ ግን መወየብ ጀመረ። በአንድ ቀን ቢሆን ኖሮ እናየው ነበር፤ ቀስ እያለ ስለሆነ አላየነውም። የሚቀመጠው አስፋው በሚሠራበት መስኮት ሥር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታዋል። የአስፋውም ዓይን በየቀኑ እያየው አብሮ ለመደው። ከአስመጪው ቤት ደውለው ካታሎጋችሁን ቀይሩ ሲሉ አቶ መኩሪያ «የእኛው ልብስ ለብሷል» ብሎ ስልኩን ዘጋ። አንድ ጊዜ አስፋው ራሱ «ነጭ ነጩ ገጽ ቅቤ ቅቤ ይለኛል፤ አዲስ ቢገዛ ጥሩ ነው» ብሎት ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። «ዕድሜ ልክ ይበቃል ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ? ዶላሩን ከየት ላምጣልህ?» ብሎ መለሰው። አስፋውም ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

ከዚያ የአንድ ሆቴል ሥራ መጣ። ዲዛይነሯ ሉዋም ትባላለች፤ የራሷን ካታሎግ በጊዜው የምታሳድስ ጠንቃቃ ሴት ናት። ፈዛዛ ውሃ ሰማያዊ መረጠች፤ ግድግዳውም፣ መጋረጃውም፣ የሠራተኞቹም ሸሚዝ አንድ ቁጥር። የግድግዳው ቀለም በማሽን በቁጥሩ ተበጥብጦ ልክ መጣ። ጨርቁን ግን አስፋው ላስቲክ ከለበሰው ገጽ ጋር እያስተያየ፣ እስኪመሳሰል መልሶ መልሶ አሳለፈው። እኔ ሰቀልኩት። የመጀመሪያውን መጋረጃ ዘርግቼ ከመሰላሉ ወረድኩና ራቅ ብዬ አየሁት። ግድግዳው ሰማያዊ ነው፤ መጋረጃው ወደ አረንጓዴ ሄዷል፣ የጉበት በሽተኛ ፊት ይመስላል።

ለአስፋው ደወልኩለት። መጥቶ ክፍሉ መሃል ቆመ። ካታሎጉን ከቦርሳው አውጥቶ ከመጋረጃው ጋር አጠጋው፤ አንድ ናቸው። ከግድግዳው ጋር አጠጋው፤ ይለያያሉ። «ገብረየስ፣ ዓይኔ ነው ወይስ ላስቲኩ?» አለኝ። የላስቲኩን ጫፍ በምላጭ ፈልቅቆ ሲገልጠው የወረቀቱ እኩሌታ አብሮ ተላጠ፤ የቀረው ግን ቁርጥ የግድግዳው ቀለም ነበር። አስፋው መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሉዋም መጥታ አየችው። አልጮኸችም። «አቶ አስፋው፣ ይህ እኮ ቢጫ መነጽር አድርጎ ቀለም መምረጥ ነው» አለችው። ለአቶ መኩሪያም ደውላ ጥፋቱ የአስፋው ብቻ እንዳልሆነ፣ ካታሎግ የማይለውጥ ቤት አንድ ቀን እዚህ መድረሱ እንደማይቀር ነገረችው። ሥራውን ግን ለሌላ ሰጠች። የልብስ ዲዛይነሮቹም ወሬውን ሰምተው ጨርቃቸውን መውሰድ ጀመሩ።

በማግስቱ አቶ መኩሪያ ሁላችንንም ሰበሰበን። «ካታሎጉን ላስቲክ ያለበሰው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ የማያውቅ ይመስል። እኔ ተነሣሁ። «እርስዎ ራስዎ በፊታችን አመስግነውታል፤ አዲስ ይገዛ ሲልዎትም እምቢ ብለውታል» አልኩት። አልተቆጣም። «ገብረየስ፣ የእህቴ ልጅ ሥራ አጥታ ተቸግራለች ብለህ ለምነኸኝ አልነበር?» አለኝ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ አስፋው ብድግ ብሎ «እኔ ነኝ ያለበስኩት፤ ያዘዘኝ የለም» አለ። እኔ ተቀመጥኩ። መልሼም አልተነሣሁም።

አስፋው በዚያው ሳምንት ተሰናበተ። አዲሱ ካታሎግም በዚያው ሳምንት ተገዛ። ዶላሩ ከየት እንደመጣ የጠየቀ የለም። ወዲያው አቶ መኩሪያ ቢሮው ጠራኝና «ልጅቷን አምጣት፤ የምፈልገው ወጣት ዓይን ነው» አለኝ። ላስብበት አላልኩትም። ደላላው ትዝ አለኝና እሺ አልኩ።

ከሌላ ሰው ከሚሰማ እኔው ልንገረው ብዬ ወደ አስፋው ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ በሩን ከፍታ ደፍ ላይ ቆመች፤ ለካ ሰምታለች። «ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ!» አለችኝ። «ለመሆኑ ልጅቷን ኪስህ ውስጥ ይዘሃት ነው እንዴ የምትዞረው?» አስፋው ከውስጥ ሆኖ «ተዪው፣ ይግባ» አላት። እሷ ንቅንቅ አላለችም። ስለዚህ ውጭ ቆሜ፣ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሬ፣ የመጣሁበትን ነገርኩት። ስለ ደላላውም ነገርኩት። እሱም «ልጅቷን አምጣት። ባሕር ከሚበላት እኔ ሥራ ብፈታ ይሻላል» አለ። ቀጥሎም «አንተ ግን ለጊዜው አትምጣብኝ፤ ሳይህ ያንገሸግሸኛል» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ባለቤቱ በሩን ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። አንድ ቀን ኢምፔሪያል ታክሲ ስጠብቅ ከመንገዱ ማዶ አየሁት፤ እሱ አላየኝም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ። የጥበቃ ሥራ እየፈለገ ነው ይላሉ። በእሱ ዕድሜ ጥበቃም አይቀጥሩም።

እትዬ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ብሩክታይትን ላኪያት። እኔ ብከለክላት አስፋው ወደ ሥራው አይመለስም፤ እሷ ግን በበረሃው ትሄዳለች። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። እውነት ነው፤ ቢሆንም አልቀለለኝም።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአብዱልገኒ ሳታረጋግጪ እንዳታሳፍሪያት፤ የምትመጣውም ከእሱ ጋር ይሁን። የትምህርት ማስረጃዋን ዋናውን ትያዝ። የምታድረው እኛ ጋ ነው፤ ሔዋን ከልጆቻችን ጎን ፍራሽ አዘጋጅታላታለች። አቶ መኩሪያ ሲያመሰግናት ልቧ እንዳይሞቅ። ካታሎጉ ሲያረጅ አርጅቷል ብላ ትናገር፤ ስትናገርም ሰው ባለበት ይሁን። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ላስቲኩ» እያሉ ሲሳሳቁ ትሰማለች፤ ለአስፋው ያወጡለት ስም ነው። እሷ እንዳትስቅ።

ይህን ሁሉ ሰምታ አልፈልግም ካለች አታስገድጃት። ግን ከደላላውና ከወንበሩ አንዱን ምረጪ በያት፤ ሌላ የማቀርብላት ነገር የለኝም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ነጠላውን ለፋሲካ እልካለሁ በያት። ጋሽ ደምሰውን ሳላቸውን ችላ እንዳይሉት፣ ሐኪም ይዩ ብሏል ወንድሜ በያቸው። እንግዳወርቅን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም መጽሐፏን እንዳትዘጋ። ብሩክታይትን አይዞሽ በያት። ሔዋንና ልጆቹ ሰላም ይሉሻል። እስከ ዛሬ በጻፍኩልሽ ደብዳቤ ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ አስፋውና ባለቤቱም ሰላም ብለውሻል እል ነበር። አሁን አላሉሽም።

ወንድምሽ ገብረየስ
ገርጂ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.