ያ ጎኑ የተቧጨረ ሽጉጥ

ውድ እንድርያስ፣

ስልክህን አታነሳም። ሱቅህ ብመጣም ደንበኛ ፊት እንደማታናግረኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ያልለመድኩትን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። እኔ የምጽፈው ውሎዬን ነው፤ ምን ገዛሁ፣ ምን ሸጥኩ፣ ማን አኮረፈኝ። ደብዳቤ ከጻፍኩ ስንት ዘመኔ። አንብበህ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፤ ያ ሽጉጥ አንተ ጋ ነው?

ዛሬ ጠዋት ቅዳሜ የሄድንበት ሽጉጥ መደብር ደውዬ ነበር። ያቺ ባለመነጽሯ ሴትዮ አነሳች። ፖሊስ ሲይዘው ኖሮ ለመደብሩ የመለሰው፣ ጎኑ የተቧጨረው ሽጉጥ አሁንም አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ተሽጧል አለችኝ። ለማን ስላት፣ እንዲህ ያለውን አንናገርም ብላ ዘጋችው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ዐይን ያለው ሁሉ ይገዛዋል ብዬ ራሴን ላረጋጋ ሞከርኩ። አልሆነም። የማየው መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝና የመኪና ጨረታውን ጥዬ ወጣሁ። እኔ ጨረታ ጥዬ ስወጣ አይተህ ታውቃለህ?

ነገሩን ከመነሻው በእኔ ዐይን እየው።

ሱቅህን የዘረፈህ ሰው በያዘው ሽጉጥ ቀኝ እጅህን ሲመታህ ጠቋሚ ጣትህ እንደ ልብ መታጠፍ ተወ። ሐኪሙ ከዚህ በላይ አይሻለውም ብሎ ሲሸኝህ አብሬህ ነበርኩ። ሽጉጥ ልግዛ ስትለኝም አልተቃወምኩም። በዚህ በሰው አገር፣ ክላርክስተን ከተማ ውስጥ ከባንኮኒ ጀርባ ብቻውን የሚውል ሰው ምን ብዬ እቃወመዋለሁ? ችግሩ አዲሱ ሁሉ ለእጅህ አልሆን አለ። እጀታው ይወፍርብሃል፣ ቃታው ይርቅብሃል። መላ የሰጠን ዲኬተር ከተማ ያለው ጠመንጃ ሠሪ ሽማግሌ ነው። ያገለገለ፣ ደህና መነሻ የሚሆን ሽጉጥ አምጡልኝ፤ እጀታውን አቅጥኜ፣ ቃታውን አቅርቤ ለዚህች ጣት ልክ አደርገዋለሁ አለን። ምን ዓይነት እናምጣ ብንለው፣ መልኩን አትዩ፣ ሰው የነካካውን ብቻ እንዳታመጡብኝ፣ የሌላውን ስሕተት ማረም ከባዶ ከመሥራት ይከብዳል አለ።

ስንወጣ፣ ይህንኑ እኮ ነው ስለ መኪና ዕድሜዬን ሙሉ የምነግርህ አልኩህ።

“አሁን ደግሞ ሽጉጥም ቶዮታ ነው ልትለኝ ነው” ብለህ ሳቅክ። ከዘረፋው ወዲህ ስትስቅ ያየሁህ ያን ጊዜ ነው።

ቅዳሜ መጀመሪያ የገባንበትን መደብር አንተ አበላሸኸው። ያን የሚያብለጨልጭ፣ እጀታው የእንጨት የሆነውን ስታይ ፊትህ በራ። ሻጩም አየህ። ከዚያ በኋላ ዋጋ ቀንስ ብሎ ሰውን መለመን ትርፉ ድካም ነው። እኔ ደግሞ ብሎኖቹን አየሁ፤ ጥርሳቸው ተበልቷል። አንዱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲፈታ ሲገጥም የኖረው ዕቃ ነው። እጅህን ይዤ አወጣሁህና፣ ሁለተኛው ቤት አንተ መኪና ውስጥ ትጠብቀኛለህ አልኩህ።

“ሙሽራ ነኝ እንዴ የምደበቀው?” አልከኝ።

የእኛ ሰው ሲገዛ ወጉ ይኸው ነው። ዕቃ የሚያውቀው ይገባል፣ ዕቃውን የፈለገው ዘወር ይላል። መርካቶ እንዲህ ነው፤ እዚህም ጨረታ ላይ ለስንቱ ወገን እንዲህ ገዝቼለታለሁ። በሽጉጥ ይህ ወንጀል መሆኑን አላውቅም ነበር። ሕግ የማያውቅ ነጋዴ ነህ ብለህ ብትሰድበኝ እቀበላለሁ። ሆን ብለህ ነው ግዢውን ያበላሸኸው ያልከኝን ግን አልቀበልም፤ ቢያንስ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሆን ብዬ ያደረግኩት ነገር የለም።

መንገድ ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። መብራት ይዞን ቆመን፣ ወደ ፊት እያየህ፣ የዘረፈኝን ሰውዬ አገኘሁት አልከኝ። ከሱቅህ ማዶ ካለው ማቆሚያ ከአውቶቡስ ይወርዳል፣ ከጀርባ ያሉት አፓርታማዎች ይገባል። ለፖሊስ ንገር አልኩህ። ነግረሃቸዋል፤ ፊቱን ሸፍኖ ነበር ብለህ ፈርመህ የለም ወይ፣ በምን ለየኸው ብለውሃል።

“በምን ለየኸው?” አልኩህ እኔም።

“በአረማመዱ።”

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋብን።

“ሽጉጡ ብቻ ይድረስልኝ” አልክ።

ያኔ መመለስ ነበረብኝ። ንዴት ነው፣ የተመታ ሰው ብዙ ይናገራል ብዬ ነዳሁ። ገበያ ውስጥ ስገባ ደግሞ ታውቀኛለህ፤ ዕቃውን እንጂ ሌላ አላይም። ሁለተኛው መደብር ገብቼ ያን የተቧጨረውን ከመስታወቱ ሥር አስወጣሁት። ላዩ ከማኅደሩ ሲወጣና ሲገባ ተልጧል። ባለመነጽሯ ከፍታ ስታሳየኝ ውስጡ እንደ አዲስ ነው። ፖሊሱ ወገቡ ላይ ተሸክሞት ኖረ እንጂ ብዙ አልተኮሰበትም። ማንም አልነካካውም፣ መለዋወጫው የትም አለ። ሽማግሌው የጠየቀን መነሻ ይኸው ነው። መቧጨሩን እያሳየሁ ተከራከርኳት፤ እሷም ነጋዴ ናት፣ እየሳቀች ቀነሰችልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም።

ከዚያ የሚሞላውን ወረቀት አቀረበችልኝና፣ ለራስህ ነው ወይ የምትገዛው አለችኝ። ለሌላ ሰው የሚገዛ አይሸጥለትም ይላል ወረቀቱ፤ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። በመስኮቱ ወደ መኪናው አየሁ። ቀና ብለህ ብታየኝ ኖሮ ምናልባት ሌላ መልስ እመልስ ነበር። አንተ ግን አቀርቅረህ፣ ያችን ጣት በግራ እጅህ እየጫንክ ታጥፋታለህ። ትለቃታለህ፣ ደግመህ ታጥፋታለህ። ሕመሙ ፊትህ ላይ ይታያል፤ አላቆምክም።

“ለጓደኛዬ ነው፣ መኪና ውስጥ ነው ያለው” አልኳት።

ሳቋን አቆመች። ሽጉጡን ከፊቴ አንስታ ቦታው መለሰችው። ዛሬ ለአንተም ለእሱም አልሸጥም፤ የራሴ ነው ብለህ ፈርመህ ለእሱ ብትሰጠው ኖሮ እስር ቤት ነበር መጨረሻህ አለችኝ።

መኪናው ውስጥ ተመልሼ ይህን ስነግርህ መጀመሪያ የጠየቅከኝ፣ ገና ወረቀቱን ስታይ ወጥተህ ብትጠራኝና ራሴ ብሞላው ምን ነበረበት የሚል ነው። ያን ጊዜ ሞተሩን አስነስቼ ነዳሁ። አሁን ልመልስልህ። ምንም አልነበረበትም። እጠራህ ነበር። ያልጠራሁህ ስለ ፈራሁህ ነው።

መደብሩ ተሽጧል እንዳለኝ ሽማግሌው ጋ ደወልኩ። ጣቱ የተጎዳው ሰውዬ ዕቃውን ይዞ መጥቷል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ አላየሁትም አለኝ። ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። የገዛኸው ለሱቅህ ከሆነ ለእጅህ ሳይሠራ ምን ያደርግልሃል? ለምን አልወሰድክለትም? ነው ወይስ ግራ እጅህን እያለማመድክ ነው? ወይም ጨርሶ አልገዛህም፣ እኔ ነኝ በባዶ የምቃጠለው። እንዲህ ሆኖ ብትስቅብኝ በወደድኩ።

ገዝተኸው ከሆነ በሕግ ያንተ ነው፣ ስጠኝ አልልህም። ለሱቅህ ከሆነ ነገውኑ ዲኬተር አብሬህ እሄዳለሁ። ለዚያ ሰውዬ ከሆነ ግን ስማኝ። እኔ ያገለገለ መኪና እንኳ ድምፁን ብቻ ሰምቼ አልገዛም። በአረማመድ የሰው ነፍስ አይጠፋም። እሱ ባይሆንስ? እሱስ ቢሆን፣ ከዚያ በኋላ ማን ሱቅህን ይከፍታል? ማን ልጆችህን ያሳድጋል?

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጡ ለሚስትህ ለሉሊት እነግራታለሁ። ስለ ሰውየውም፣ ስላልከኝም፣ ስላየሁትም። ከጀርባህ እንዳይሆን ብዬ አስቀድሜ ነገርኩህ። ከእኔ ከምትሰማ ካንተ ትስማ፤ እስከዚያ ጊዜ አለህ። ከነገርኳት በኋላ ሰላምታ እንደማይኖረን አውቃለሁ። ስንት ዓመት የቆየ ወዳጅነት እንደሆነም አውቃለሁ፤ ሒሳቤን ሠርቼ ነው።

ከጠላኸኝ ጥላኝ፣ እንድርያስ። ግን ልጆችህን ትምህርት ቤት አድርሰህ፣ ሱቅህን ከፍተህ፣ ባንኮኒህ ላይ ቆመህ ጥላኝ።

ወንድምህ
አምባዬ