የቀኝ እግሩ ጫማ

ጥቅምት 3

ጻፍ።

ስልኩን ነው የማዘው። የልጅ ልጄ ናት የሰጠችኝ። «አባባ፣ አንተ ተናገር፣ እሱ ይጽፋል» አለችኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም። ምን እንደሚጽፍ እሱ ያውቃል። መልሼ ላነበው አልችል… ቢዋሽብኝም አንጣላም።

ዛሬ ምንም የለም። ዝናብ። ሦስቱም ሥራ ሄደዋል። ቤቱን የተከራዩት ሦስት ሴቶች ናቸው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እኔ ተጨምሬ ሳሎን ሶፋው ላይ እተኛለሁ። የልጅ ልጄ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። ሁለተኛዋ ነርስ ናት። ሦስተኛዋ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፣ እኔ ሳቂታዋ ነው የምላት። ጥርሷና ከንፈሯ ተኳርፈዋል፣ አይገናኙም። ሦስቱም በሰው አገር ባል ፈላጊ። ጠዋት መታጠቢያ ቤቱን እንደሚሻሙት ባል ቢሻሙ ኖሮ ድሮ አግብተው ነበር።

እዚህ ቤት በጫማ አይገባም። ከታች ያለችው ሴትዮ ኮቴ ከሰማች ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች። ቋንቋዋን አላውቅም፣ እንጨቷን ግን ጥንቅቅ አድርጌ እሰማለሁ። አንዴ ከመታች «ቀስ» ማለቷ ነው። ከደጋገመች ስድብ ነው።

ስለዚህ የመጣ ሁሉ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ጫማ ሰፊ ነበርኩ። እግዜር ሥራ አላሳጣኝም።

ጥቅምት 11

የነርሷን አባረርኩት።

ነርሷ ወንድ የምትፈልገው በስልክ ነው። ፎቶውን በጣቷ ወዲያ ወዲህ ትገፋዋለች፣ እንደ ገበያ ቲማቲም። ከመረጠቻቸው አንዱ መጣ። ክሩን ሳይፈታ፣ አንዱን ተረከዝ በሌላው ረግጦ፣ ጎትቶ አወለቀ። ወጥ ቤት ጠራኋት።

«ይኼ ሰው አይሆንሽም።»

«ኧረ አባባ! ገና ውሃ እንኳ አልቀመሰም!»

«የጫማውን ክር የማይፈታ ነገር አይፈታም። ስትጣሉ እንደተቋጠረ ነው የሚያድረው።»

ሳቀች። ሰውየው ሲሄድ ግን ስልኳን አወጣችና ገፋችው።

የሳቂታዋንም መልሻለሁ። ጫማው ሹል ነበር። ሹል የሚጫማ ሰው እግሩን ባመመው ቁጥር ሚስቱን ነው የሚቆጣው። እሷ ግን አላዘነችም። በየአውቶቡሱ አዲስ ሰው ትወዳለች፣ ፌርማታ ሲደርስ ይወርድባታል።

ጥቅምት 19

የልጅ ልጄ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ወደቀች። አሁንም። ወድቃ እየሳቀች መጣች… የወደቀ ሰው እንዲህ ደስ ይለዋል?

«ተጨማሪ ትምህርት ያስፈልገኛል» አለች።

«ማን ያስተምርሻል?»

«ያው… እሱ።»

«እሱ» ስትል መስኮቱን አየች። መስኮቱ ላይ ምንም የለም።

ገባኝ። ፊደል ባልቆጥርም ደንቆሮ አይደለሁም።

ጥቅምት 27

እሑድ ልታመጣው ነው። የኛው አገር ልጅ ነው፣ እዚህ መኪና መንዳት ያስተምራል። «አግቢኝ» ብሏታል። መልስ ከመስጠቷ በፊት እኔ እንዳየው ፈለገች። አባቷ በሕይወት የለም፣ ያሳደግናት እኔና ባለቤቴ ነን።

«አባባ፣ የሌሎቹ ቀልድ ነው። ይኼን ግን…»

«ይኼን ግን ምን?»

«ይኼን ወድጄዋለሁ። አደራህን።»

እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

እሷ ስትሄድስ? ከማን ጋር ልኖር ነው? ሶፋውስ የማን ነው… ይኼን አትጻፍ። ጻፍከው? ደደብ።

ጥቅምት 30

መጣ። ቁመናው ደህና። ሰላምታው ደህና። ጎንበስ ብሎ ክሩን ፈታ። ልወደው ምንም አልቀረኝም። እነሱ ሲገቡ እኔ በሩ ጋ ቀረሁና ጫማውን ገለበጥኩት።

የግራው ሶል አዲስ ነው። የቀኙ ከፊት፣ ከጣቱ ሥር፣ ተበልቶ ተበልቶ ካልሲ ሊያሳይ ደርሷል። ሾፌር ስለሆነ ነው እንዳልል፣ የሾፌር ጫማ የሚበላው ተረከዙ ጋ ነው። ለስንቱ ሾፌር ሰፍቻለሁ! ሰው በአንድ እግሩ ጣት የሚቆመው መቼ ነው? አጥር ሲዘል። ይኼ ሰው አጥር ዘላይ ነው!

ጫማውን እንደያዝኩ ገባሁ።

«ሌላኛዋ የት ናት?» አልኩት።

«የቷ፣ አባባ?»

«ማዶ ያለችው። አጥር የምትዘልላት።»

የሚጠጣው ውሃ ትን አለው። ነርሷ ጀርባውን መታች፣ ሳቂታዋ ጮኸች፣ ከታች እንጨቱ ተጀመረ። ትን ካለው እውነት ነው አልኩ። ንጹሕ ሰው ውሃ አያንቀውም።

ልጁ ተነሣ። የልጅ ልጄን ተመለከታት። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ ተወው። «አባባ፣ እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም» ብቻ አለ። ጫማውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ክሩን አሰረ። አየሁት… ቀስ ብሎ፣ አስተካክሎ አሰረ።

የልጅ ልጄ ክፍሏን ዘጋች።

ኅዳር 2

ምሳዬን አቀረበችልኝ። ዝም ብላ። ዝምታዋ ጨው በዝቶበታል።

ኅዳር 5

ዛሬ ነርሷ ተነሣችብኝ። «ደም ሳይመረምሩ በሽታ ይናገራሉ!»

«ሶሉን መርምሬያለሁ።»

«ሶል ሰው ነው?»

«ከሰው ይሻላል፣ አይዋሽም።»

«በርስዎ ምክንያት እኮ ተወችው! ‹አባባ ያልወደደውን አላገባም› ብላለች። ይኼን ያውቃሉ?»

አላውቅም ነበር።

ወደ ማታ የልጅ ልጄ ራሷ መጣች። ልብስ ታጥፋለች፣ አታየኝም። «አባባ፣ እውነት በጫማው ነው? ወይስ ትቼህ እንዳልሄድ ነው?»

በጫማው ነው አልኩ።

…በጫማው ነው።

ኅዳር 12

ፈተናዋ ደርሷል። የመጨረሻውን ትምህርት ቀድማ ከፍላበት ስለነበር መቅረት አልቻለችም። «ብቻዬን አጠገቡ አልቀመጥም። አንተ ከኋላ ትገባለህ» አለችኝ። የታዘዝኩ መስዬ ገባሁ። በልቤ ግን ዛሬ የዚህን ሰው እግር አልለቅም ብያለሁ።

«እንደምን አደሩ አባባ» አለ። አኩርፏል። ግን በሥርዓት አኩርፏል።

መኪናውን አስነሣች። የፈጣሪ ያለህ! መርፌ ስትይዝ እጇ ሐር ነው፣ መሪ ስትይዝ ግን… መኪናው እንደ ደነበረ ፈረስ ዘለለ። አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ስታቋርጥ ይቺ በቀጥታ ወደ ሴትዮዋ! ልጁ ከጎኗ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀስ… ጎበዝ… አየሻት አይደል?» ይላል። ፊቱ የረጋ ውሃ ነው።

እግሩን አየሁ። በሱም በኩል ፍሬን አለ! የማስተማሪያ መኪና ሁለት ፍሬን እንዳለው ማን ነግሮኝ? ያንን ፍሬን በቀኝ እግሩ ጣት ይረግጣል፣ ያነሣል፣ ደግሞ ይረግጣል። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ቆመበት ማለት ይቻላል። ለካ ልጁ የሚዘለው አጥር አይደለም። ሞት ነው።

ያንን ሶል የበላችው የኔዋ ጉድ ናት!

እኔም ከኋላ መርገጥ ጀመርኩ። የምረግጠው ነገር የለም፣ ግን ረገጥኩ። ስወርድ ባቴ ተሳስሯል።

እሷ ቁልፉን ልትመልስ ቢሮ ገባች። እኔና እሱ ቀረን።

«ስንት ጫማ ጨረሰችብህ?» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። «ይኼ ሦስተኛው ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ ያን ቀን አትናገርም? ‹የፍሬን ነው› አትልም?»

«እሷ ፊት? ‹ጫማዬን የጨረሰው አነዳድሽ ነው› ልበል? እሷ እኮ መንገዱን እንጂ እግሬን አታይም። እየቻለች ይመስላታል። ያን ቀን አዲስ ቀሚስ ሰፍታ ለብሳ ነበር፣ አባባ። እኔን ይስደቡኝ ብዬ ተውኩት።»

እኔ ሰው አላውቅም ማለት ነው? አውቃለሁ! …የዚህን አላወቅኩም።

ይቅርታ የሚባለው ቃል ከአፌ አይወጣም፣ ድሮም አልለመደበትም። «አውልቀው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ቀኙን። አሮጌ ጎማም ካለህ አምጣ።»

እሷ ሳታይ ጫማውን ካፖርቴ ሥር ሸሽጌ፣ ልጁን በአንድ ጫማ መኪናው ውስጥ ትቼው መጣሁ።

ኅዳር 13

ወስፌዬን ከአገሬ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤው ነበር የመጣሁት። ጎማውን ቆርጬ ደራርቤ ሰፋሁት። እጄ አልረሳም። የማስቲሹ ሽታ ቤቱን ሞላው፣ ሳቂታዋ መስኮት ከፈተች፣ ግን እያየችኝ ተቀመጠች።

የልጅ ልጄ ከሥራ ስትመጣ ጫማውን ሰጠኋት። አወቀችው። ፊቷ ተለወጠ።

«ምን ሆኖ ነው የተበላው?»

«አንቺ ሆነሽበት።»

ነገርኳት። የፍሬኑንም፣ የቀሚሱንም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ። ከታች እንጨቱ ሁለት ጊዜ መታ። ሦስቱም በአንድ ድምፅ «እሺ!» አሉ።

«ሂጂ አድርሺለት» አልኳት።

«ምን ልበለው?»

«አባባ ‹እንደ ልብህ ርገጥ› ብሎሃል በይው።»

ጫማዋን ሳታስር ወጣች። ዝም አልኩ።

ኅዳር 15

ፈተናውን ወደቀች። ቀለበት አድርጋ መጣች።

ጥር 16

ሠርጉ ካለፈ ሰነበተ። ቤታቸው ሁለት ፌርማታ ማዶ ነው። አብረኸን ኑር ብለው ለምነውኝ ነበር። ሙሽራ ቤት ሽማግሌ ምን ይሠራል? ብቻ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ሻንጣዬን ሳስተካክል ነርሷና ሳቂታዋ በሩ ላይ ቆሙ። «አባባ የትም አይሄዱም፣ እኛ አላገባንም!» አሉ። የልጅ ልጄን ክፍል ለኔ ለቀቁልኝ። ሶፋው አሁን የእንግዳ ነው።

እሷ በየእሑዱ ትመጣለች። መንጃ ፈቃድ ገና ነው፣ በአውቶቡስ ነው የምትመጣው። ከተማው ተርፏል።

ዛሬ ነርሷ ከሥራ ስትገባ ፌስታል ይዛለች። ከውስጡ የወንድ ጫማ አወጣች።

«አባባ፣ ይቺን ይዩልኝማ። አብሮኝ የሚሠራ ነው። ሆስፒታል ካለው የልብስ ሣጥኑ ሥር ነው የወሰድኩት።»

«እሱ በምኑ ወደ ቤቱ ሄደ?»

«ማታ ተረኛ ነው፣ በነጠላ ጫማ ነው የሚሠራው። ሳያውቅ እመልሰዋለሁ።»

«መልሺለት። ጫማውን ትተሽ ሰውየውን አምጪው።»

ደነገጠች። «ሳያዩት?»

«ሰውየውን ነዋ የማየው። እሑድ ይምጣ። ውሃም ስጪው፣ ቀስ ብሎ ይጠጣ።»

ግንባሬን ሳመችኝና ልብስ ልትቀይር ገባች። ጫማውን ጠረጴዛው ላይ ትታው።

…

ገለበጥኩት። አየሁት። ያየሁት እዚሁ ሆዴ ውስጥ ይቀመጣል፣ እሑድ ሰውየውን እስካየው።

አንተም ዝም በል። አትጻፍ።