መልእክቱ ደርሶኝ ነበር

ለተከበሩ እኅቴ ለእትዬ ሸዋዬ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርዎ ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? ጋሼ አምባቸውስ እንዴት ናቸው? ጤፉ ተሰብስቦ ገባ? ልጅዎ አደይስ ብቻዋን መተኛት ለመደች? እኔ በሥጋዬ ደኅና ነኝ። ከዚያ በላይ ደኅና ነኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ በቅቶኛል።

ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት በራሴ እጅ ነው። እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ ሰው ነበረ፤ የአሁኑን ግን እሱ ፊት ለመናገር አፈርሁ። በመሠረተ ትምህርት የተማርሁት ፊደል አልፈጥን ብሎኝ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። የተጣመመውን እያቃናችሁ አንብቡልኝ።

መርዶው የደረሰኝ ቀን እንዴት እንደ ነበር አልነገርሁዎትም። ዓርብ ነው። ጎሕ ሲቀድ የቤቴ አከራይ እማማ አገርነሽ የእድር ሴቶች አስከትለው ገቡ። የጧት ፈረቃ ነበርሁና የሥራ ልብሴን ለብሼ ለመውጣት ሻሼን እያሰርሁ ነበር። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ሲገባ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። ልቤ አውቋል። አፌ ግን «እማማ፣ ፈረቃዬ እንዳያልፈኝ» አለ። ልጅሽ ሞተች ሊሉኝ ለመጡት ሴት መጀመሪያ ያልኋቸው ይህን ነው። እሳቸውም «ዛሬ ፈረቃ የለም ልጄ፤ ተቀመጪ» ብለው ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ።

እትዬ፣ ለእንቁጣጣሽ ወለላን ይዤልዎት ስመጣ የመከሩኝን አልረሳሁም። «ጥርሷን እንኳ ያልነቀለች ልጅ ናት፤ እንዳገኘሽ እየሠራሽ ከልጅሽ ጋር ብትቆዪ ምናለ? እንቢ ካልሽም ወባው ይለፍና ኅዳር ሲጠባ አምጫት» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ቸኩያለሁ። አባቷ ዘምቶ ከቀረ ወዲህ የቀን ሠራተኛ ሆኜ ሁለት ዓመት የፋብሪካው በር ላይ ቆሜያለሁ። ጧት ጧት ከበሩ ያለው ሰው በጣቱ እየጠቆመ ይቆጥረናል፤ የሚፈልገው ሲሞላለት «የቀራችሁ ነገ» ይለናል። የተቆጠርሁ ቀን ወለላን ለእማማ አገርነሽ ትቼ እገባለሁ። ያልተቆጠርሁ ቀን ይዣት ወደ ጣና ዳር እወርድና የሰው ልብስ አጥባለሁ፤ እሷም ደንገል እያሰረች ታንኳ ትሠራለች። ሥራ ያጣሁበት ቀን ለእሷ በዓል ነበር። ያን ጊዜ ይህን አላየሁትም። የማየው የነገውን እንጀራ ነበር።

ቋሚ ሊያደርጉን ሲመዘግቡን ስሜ ከነአባቴ ተጠራ። ለእርስዎ ምን እደብቃለሁ፣ ደስ አለኝ። «አንቺ ባለ ሻሽ» እየተባልሁ ስጠቆም ኖሬ ሰው የሆንሁ መሰለኝ። ፈረቃው ግን በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ እማማ አገርነሽም አርጅተዋል። ስለዚህ ልጄን ለእርስዎ አደራ ሰጥቼ ተመለስሁ። ለእሷ ብዬ ነው አልሁ፤ ትምህርት ቤት እንድትገባ፣ ጫማ እንድታደርግ። እውነትም ለእሷ ነበር።

አሁን ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልጻፍ። በጥቅምት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከሥራ ስወጣ የወረታው እህል ነጋዴ ሙሀመድየሱፍ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ወለላን ንዳድ ይዟታል። እትዬሽ ቶሎ ድረሺ ብለዋል። የጫንሁበት መኪና ነገ ጧት ይመለሳል፤ ከጋቢናው ቦታ ይዤልሻለሁ» አለኝ። እሺ እመጣለሁ አልሁት። መልእክትዎ እንዲህ ሆኖ፣ አንዲት ቃል ሳትጎድል ደረሰኝ።

ቤቴ ገብቼ ማሰብ ጀመርሁ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። የቀን ሠራተኛ ብሆን ኖሮ ማንንም ሳልጠይቅ እሄድ ነበር። ንዳድ የያዘው ልጅ ሁሉ አይሞትም አልሁ። እኔንም በልጅነቴ ስንት ጊዜ ይዞኝ እርስዎ አስታመው አስነሥተውኛል፣ ዛሬም እጃቸው አለ አልሁ። በማግሥቱ ወደ መኪናው አልሄድሁም፤ ፋብሪካው እሑድም አይዘጋምና ሥራ ገባሁ። ሙሀመድየሱፍ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ሾፌሩን እየለመነ እንዳስጠበቀልኝ ኋላ ሰማሁ።

ለቅሶ ቤት ስደርስ አደይ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «መኪና ባለፈ ቁጥር እናቴ መጣች ትል ነበር» አለችኝ። ከዚያ እርስዎ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ሙሀመድየሱፍ ነግሬያታለሁ፣ ትመጣለች ብሎን ነበር። አልነገረሽም?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «አላየሁትም» አልሁ።

እሱ ሊያስተዛዝን መጥቶ ከድንኳኑ አፍ ተቀምጦ ነበር። እርስዎ ዞር ብለው «አንተ አደራ በላ!» ሲሉት አንድ ጊዜ አየኝ። ይናገራል ብዬ ስጠብቅ «አላህ ያጽናናችሁ» ብሎ ዱላውን አንሥቶ ወጣ። እኔም አለቀስሁ። ሰዉ የልጅ ሐዘን ብቻ መሰለው።

ወደ ሥራ ስመለስ አለቃችን አቶ ክንዱ ነገሩን ሰምቶ ጠራኝ። ታማ እንደ ነበር ታውቂ ነበር ወይ ሲለኝ ለእሱ እውነቱን ነገርሁት። «አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ጅብ ነኝ? ልጄ ታማለች ብትዪኝ በሌላ ሰው ተክቼ አልሰድሽም ነበር?» አለኝ። አጠገቤ የሚሠሩ እናቶች አሉ፤ ልጃቸው ሲታመም ይጠይቃሉ፣ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። እኔ አልጠየቅሁም። ቋሚ ሥራ መያዜ ኃጢአት ነው አልልም፤ ዛሬም የምኖረው በእሱ ነው። ኃጢአቴ ቦታዬን አጣለሁ ብዬ ፈርቼ አፌን መዝጋቴ ነው። ከዚያም በሰው ስም መሸፈኔ።

ባለፈው ሳምንት ሙሀመድየሱፍ መጣ። ሳየው ልደበቅ ነበር። «ሐዘን ላይ ሌላ አልጨምርብሽም ብዬ ዝም አልሁ» አለኝ። «በእናንተ አገር አሁን ማንም ዕቃም ቃልም አይሰጠኝም፤ እሱን እችለዋለሁ። ግን ልጄን ዘይነትን ገበያ መካከል የአደራ በላ ልጅ አሏት። ምን ብዬ ልመልስላት?» ክፉ ቃል አልወጣውም።

ስለዚህ እትዬ፣ በእግዚአብሔር ስም የምለምንዎት አለ። በገበያ ቀን ሙሀመድየሱፍንና ዘይነትን ቤትዎ ያስጠሩልኝ። ለቅሶ የተቀመጡትም ጎረቤቶች ይምጡ። ይህ ደብዳቤ ሁሉም እየሰሙ ከላይ እስከ ታች ይነበብ፤ ለእኔ አዝናችሁ የምትዘሉት ቃል አይኑር። አደራ የበላሁት እኔ ነኝ። እርስዎም በማያውቁት የሰደቡትን ሰው ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ እኔ ለጥምቀት ፈቃድ ጠይቄ መጥቼ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ከዚያ በኋላ ደጅዎን ቢዘጉብኝ አልቀየምዎትም።

ጋሼ አምባቸውን እጅ ነሥቻለሁ በሉልኝ፤ ልጄን እንደ ልጃቸው ተሸክመው ቀብረዋል። አደይን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ የወለላን ቀሚስ እሷ ትልበሰው፣ አይቀመጥ። ጎረቤቶቼን ሁሉ አንድ በአንድ ሰላም በሉልኝ።

ይህን የምታነቡና የምትሰሙ ሁሉ፣ በእኔ ተቆጥታችሁ እሷን እንዳትረሷት። እናቷ የምትጸልየው ጸሎት ይሰማ አይሰማ አላውቅም። እናንተ ግን «እግዚአብሔር የወለላን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን» በሉልኝ።

እኅትዎ ባንቺአየሁ

ባሕር ዳር
ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.