በስማቸው ያልተጻፈው መሬት፦ የወይዘሮ ፋንቱ ገብረ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ

እናታችን ወይዘሮ ፋንቱ፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል፣ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ሥላሴ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጌጤ ቸኮል ኅዳር 12 ቀን 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት በደቡብ ጎንደር በእስቴ ወረዳ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ርቃ በምትገኘው፣ ዛሬ ልንቀብራቸው በተሰበሰብንባት በዝግባ ኪዳነ ምሕረት ደብር ነው።

ይህን የጻፍኩት ወንድ ልጃቸው መሐሪ ዋለ ነኝ። አንዳንድ ዘመዶች “ደግ ነበሩ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ፣ ጾመኛ ነበሩ ብለህ ጻፍና ይብቃህ” ብለው መክረውኛል። እውነት ነው፣ እናታችን ደግ ነበሩ፤ እንግዳም ይቀበሉ ነበር። ዕድሜያቸውን የጨረሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እኔም ያለሁበት ነው። እሱን ትቼ ደግነታቸውን ብቻ ብጽፍ እዚህ የቆመው ሰው ሁሉ ያውቅብኛል።

አባታቸው የዜማ መምህር ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ሴት ልጃቸውን ፊደል አስቆጠሩ፤ በአሥር ዓመታቸውም ዳዊት አስደገሙ። እናታችን ወደ ዜማው ልሻገር ባሉ ጊዜ ግን መሪጌታ “ወንድ ብትሆኚ ድጓውን በሁለት ክረምት ትወጪው ነበር” ብለው እዚያው ላይ አቆሟቸው። መሪጌታ ማመስገናቸው ነበር። እናታችን ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ሲያወሩት ሰምቻለሁ፤ እንደ ምስጋና ሲያወሩት ግን አንድም ቀን አልሰማሁም።

በ1966 ዓ.ም. በአሥራ አራት ዓመታቸው ለአባታችን ለአቶ ዋለ ቢሻው ተዳሩ። አምስት ልጆች ወልደው ሦስቱ በሕፃንነታቸው አረፉ፤ እኅቴ ሰብለ በ1972፣ እኔ በ1977 ተወልደን ቀረን። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ደብሩ ውስጥ ማንበብ የምትችል ሴት እርሳቸው ብቻ ስለነበሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎረቤቱን አስተማሩ። ለዚህም የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው “ለአቶ ዋለ ቢሻው ባለቤት” የሚል ነው። አባታችን ደስ ብሏቸው ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ እናታችንም አንድ ቀን ከሰል አንሥተው ከሥሩ “ፋንቱ” ብለው ጻፉበት።

እኔ ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት ሰብለ አራተኛ ክፍል ነበረች፤ ከክፍሏም አንደኛ ትወጣ ነበር። እናታችን በወሊድ ታመው ስለነበር ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚለቅም አንድ ሰው ቤት መዋል ነበረበት። እንድትቀር የወሰኑት እናታችን ራሳቸው ናቸው። እኔ በትምህርት ከሰብለ እንደማልደርስ እኔም እርሷም እናውቃለን፤ መምህር የሆንኩት ግን እኔ ነኝ። እናታችን በኋላ ዘመናቸው “በእኔ የተደረገውን እኔው ለልጄ ደገምኩት” እያሉ ሲጸጸቱ ኖረዋል። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም ነበር።

አባታችን በ1993 ዓ.ም. አረፉ። የቀረልን መሬት በ1989ኙ ድልድል ለአባታችንና ለእናታችን ለሁለቱ የደረሰ፣ ገብስና ስንዴ የሚያበቅል አራት ጥማድ ነው። እኔ ትምህርት ላይ ነኝ፤ ሰብለ በባሏ ቤት ናት። ሴት ደግሞ ሞፈር አትጨብጥም። ስለዚህ የአባታችን ወንድም አቶ ዘመኑ ቢሻው መሬቱን በእኩል፣ ምርቱን ለሁለት ሊካፈሉ፣ ያርሱላቸው ጀመር።

ለሩቅ ዘመዶቻችን እንዲገባቸው አንድ ነገር ልናገር። በእኛ አገር ሴት አውድማ አትረግጥም፤ ከረገጠች በረከቱ ይሸሻል ይባላል። ባል የሌላት ሴት በእኩል ያሳረሰችው እህል ሲወቃ ዳር ትቆማለች፤ ድርሻዋን የምታየው ስልቻው ቤቷ ሲደርስ ነው። ምርቱ ስንት እንደወጣ የሚያውቁት አውድማው ላይ የዋሉት ብቻ ናቸው። እናታችን ሰባት ዓመት ዳር ቆመዋል፤ ስልቻውም በየዓመቱ እየቀለለ ሄዷል።

በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. የመሬት ደብተር ሊሰጥ ነው ተብሎ ኮሚቴው ባለይዞታን ለመመዝገብ ወጣ። ወንዱ ሁሉ የገብስ ውቂያ ላይ ስለነበር ኮሚቴውም ምዝገባውን እዚያው አውድማው ላይ ያዘው። ባል የሞተባቸው ሴቶች ስድስት ሆነው ከጭዱ ማዶ ቆሙ። ያን ቀን እናታችን ዕድሜ ልካቸውን የቆጫቸውን ቃል ተናገሩ፤ አጎታችንን “ዘመኑ፣ የእኔን ንገርልኝ” አሏቸው። አጎታችንም “እሺ፣ ይነገራል” አሉ። ማንም ወደ ማዶ ተሻግሮ የጠየቃቸው የለም። ደብተሩ በ1998 ሲወጣ የባለይዞታው ስም ዘመኑ ቢሻው ይል ነበር።

አጎታችን አቶ ዘመኑ እዚህ መካከላችን አሉ፤ ሬሳውንም ከተሸከሙት አንዱ ናቸው። ሌባ ናቸው ልል አልተነሣሁም። እናታችን ገና የአርባ አምስት ዓመት ሴት ነበሩና ሌላ ባል አግብተው የወንድሜን መሬት ለባዕድ ያስገባሉ ብለው ፈሩ፤ ይህንን ራሳቸው ነግረውኛል። ግን የወንድማቸው መሬት ብቻ አልነበረም። ግማሹ በድልድሉ ቀን በእናታችን ራስ የተቆጠረ ነው፤ እሱን ማንም ማስታወስ አልፈለገም።

እናታችን ለቀበሌው አመለከቱ። “ያኔ ለምን ዝም አልሽ?” ተባሉ። “የት ቆሜ ልናገር?” አሉ። “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” ብሎ የሳቀባቸው ነበር። እርሳቸውም ጋቢያቸውን አጣፍተው መካነ ኢየሱስ ፍርድ ቤት ወረዱ። ክርክሩ ሦስት ዓመት ወሰደ። በወዲያኛው ወገን የተቆጠሩት ምስክሮች አንድ ቀን ሲታመሙ፣ አንድ ቀን ለቅሶ ሲሄዱ፣ እናታችን ሃያ ሰባት ቀጠሮ በእግራቸው ተመላለሱ።

በዚሁ መካከል፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ለቀበሌው ምክር ቤት ተመረጡ። የሴቶች ቁጥር እንዲሞላ ትእዛዝ መጥቶ ስለነበር ነው፤ ይህን እናታችንም ያውቁ ነበር። ቢሆንም መሬታቸውን ከመቀመጫው ላይ ሆነው የሚያስመልሱ መስሏቸው ደስ አላቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ሴቶች ይዞታ እንዲናገሩ ዕድል የተሰጣቸው አንድ ጊዜ ነው፤ ከወረዳ እንግዳ ሲመጣ ግን ጠላውንና እንጀራውን የሚያሰናዱት ሁልጊዜ እርሳቸው ናቸው። በየዓመቱ በማርች ኤይት ስለ ሴቶች እኩልነት የተጻፈበት ካኔቴራ ይሰጣቸው ነበር። የመጀመሪያውን ለብሰው ፍርድ ቤት የተመላለሱ ሴት ናቸው።

በጥር 2001 ተፈረደላቸው። ውሳኔውን ራሳቸው ጮክ ብለው አነበቡልን፤ እንደዚያ ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ነገር ግን ፍርድ ቤት በሬ ጠምዶ አያርስም። ከዚህ ደብር አጎታችንን አስቀይሞ መሬታቸውን የሚያርስላቸው ወንድ ታጣ። ልመናም፣ እጥፍ ድርሻም አልሠራም። በመጨረሻ ከስማዳ፣ ከወገዳ በኩል የመጣ ሰው አርሶላቸው፣ ከባሏ ተፋትታ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ የተመለሰችው ሰብለ አርማና አጭዳ ገብሱ ደረሰ።

ውቂያው ኅዳር 2002 ላይ ነበር። እናታችን ዳር ቆሙ። ቆይተውም ጫማቸውን አወለቁና አውድማው ላይ ወጡ። እህሉ ተመርቶ ስልቻ እስኪገባ ድረስ እዚያው ቆመው አዩ። በሦስተኛው ቀን ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ፤ የጎረቤቱ ክምር ሁሉ ረጥቦ በቀለ። ጥፋቱም በእናታችን ላይ ወደቀ።

እድሩ ተሰበሰበ። ካሳ ይክፈሉ ያለ ነበር፤ ቀብራቸው ላይ ማንም አይቁም ያለም ነበር። እናታችን የደብሩን አስተዳዳሪ ቄስ ወልደ ሰንበትን “አባቴ፣ ሴት አውድማ አትርገጥ የሚለው የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው?” ብለው ጠየቋቸው። ቄሱ እውነተኛ ሰው ነበሩና “መጽሐፍ የለውም ልጄ፤ ያባት የእናት ልማድ ነው” አሉ። እናታችንም “እናቴ መቼ ተጠይቃ?” አሉ። ጉባኤው ይህንን እንደ ድፍረት ቆጥሮ ከእድሩ አስወጣቸው።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ እኔን ከደብረ ታቦር አስጠሩኝ። የሃያ አምስት ዓመት ወጣት መምህር ነበርኩ፤ የሴቶች መብት ምን እንደሆነ ክፍል ውስጥ የማስተምር። ፍርዱ ተሰጠ እንጂ ደብተሩ ገና አልዞረም ነበርና፣ የሽማግሌዎቹ መፍትሔ መሬቱ ከአጎታችን ስም ወጥቶ በእኔ ስም ይግባ የሚል ነበር። አጎታችን ለወንድማቸው ልጅ ሲሆን ተስማሙ፤ የዝናቡ ካሳ ይቀራል፣ እድሩም ይመልሳቸዋል ተባለ። “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ” ያሉት ሽማግሌ ሁላችንንም አሳቁን። እኔም ስቄአለሁ። እናታችንን ወደ ጎን ጠርቼ “እማዬ፣ የእኔ ማለት የአንቺ ማለት አይደል? ተይው፣ ዕረፊ” አልኳቸው። ከዚያም “አንተም ከሆንክ እንግዲህ” ብለው ተነሡ። ለጣት አሻራ ቀለም አዘጋጅተውላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን እስክሪብቶ ጠይቀው ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ።

ፍርድ ቤት ያሸነፉትን መሬት በእኔ ምክር ተረቱ። ይህን የምለው ራሴን ከፍ አድርጌ ለመውቀስ አይደለም፤ የሆነው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ለሦስት ዓመት በእግራቸው ያመጡትን ፍርድ እኔ በአንድ ከሰዓት አስቀረሁት፤ ሰውም “ብልህ ልጅ” ብሎ መረቀኝ።

ከዚያ ወዲህ እናታችን “መሬቴ” ብለው አያውቁም። ለበዓል ስመጣ ሰብለ ያመረተችውን ገብስ አስጭነው “ይኸው፣ የመሬትህን” ይሉኝ ነበር። አዲሱ ደብተር ከነካርታው በ2010 ሲወጣ ፎቶው የእኔ ሆነ። ያኔ “በሰብለ ስም አድርገው” ብለው ጠየቁኝ። እሺ አልኩ። ሥራ ሆነ፣ ልጅ ታመመ፣ መንገድ ተበላሸ። አምስት ዓመት እሺ እያልኩ ቆየሁ።

ከ2013 ጀምሮ የስኳር ሕመም አደከማቸው። ባለፈው ኅዳር እግራቸው ቆስሎ ደብረ ታቦር እኔ ቤት ሆነው ታከሙ፤ ሰብለ አብራ መጥታ አስታመመቻቸው። ወደ አገሬ መልሱኝ ያሉ ዕለት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ “እማዬ፣ ደብተሩን በቅርቡ አዞረዋለሁ” አልኳቸው። “ልጄ፣ ቀጠሮ ጠግቤያለሁ” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ መሬቱ አላነሡም። በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው፣ በጾመ ነነዌ መጀመሪያ፣ ሰኞ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

እናታችን የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ሰብለ ዋለ ለአሥራ አራት ዓመት ያህል ያን መሬት አርማለች፣ አጭዳለች፣ እናታችንን በእሱ ጦራለች። ዛሬ ግን ከቀብር መልስ “ውጪልኝ” ብላት ደብተሩ ያግዘኛል። ትናንት ለቅሶ ቤት ውስጥ አንድ የሥጋ ዘመድ “እንግዲህ መሬትህን ለማን ታሳርሳለህ?” ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄውን ስትሰማ ሰብለ ቀና ብላ አላየችም፤ መልሱን የምታውቅ መስሏት ነው።

ስለዚህ በእናታችን አስከሬን ፊት፣ በካህናቱ፣ በአጎቴ በአቶ ዘመኑና በእድሩ ፊት እናገራለሁ። ያ መሬት የእኔ አልነበረም፤ የሰብለ ነው። ሠልስት በወጣ ማግስት ከእርሷ ጋር ወደ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄጄ በስሟ አዞርላታለሁ። ራሴን ስለማውቀው በቃሌ ብቻ አልተማመንኩም። ይህን ጽሑፍ ሁለት መቶ ቅጂ አሳትሜ ለሴቱም ለወንዱም ያደልኩት ለዚህ ነው፤ በየቤታችሁ አስቀምጡት፣ ሳላደርገው ብቀር አውጡብኝ። እናታችን ራሳቸው የጠየቁት ግን መጀመሪያ በገዛ ስማቸው እንዲጻፍ ነበር። እሱ ከእንግዲህ አይሆንም፤ ለሞተ ሰው ደብተር አይወጣም።

ላስታመማችሁ፣ ላለቀሳችሁ፣ ቀብራቸው ላይ ለቆማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። የወለተ ሚካኤልን ነፍስ ከደጋግ እናቶች ጋር ያሳርፍልን። ይቅርታ ልጠይቃቸው ይገባኝ ነበር፤ ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ሳልጠይቃቸው ሞቱብኝ።