የሸመደድነው መስመር

ውድ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የአባትሽ የድሮ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ያ ሳቁ ከሞተሩ በላይ የሚጮኸው ሾፌር። አውቶቡሱ ዛሬ ማክሰኞ አምስት ሰዓት ላይ ይነሳል። አሁን ሦስት ሰዓት አልፏል። እስከዚያ ካልጨረስኩ ሐሙስ ይደርስና አንቺ ጥናትሽን ይዘሽ ከእነዚያ ሁሉ ምሁራን ፊት ትቆሚያለሽ፤ እኔም እንደለመድኩት ዝም እላለሁ።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ቅዳሜ ዕለት «ልጄ፣ አንድ ነገር...» ብዬ ስጀምር፣ «እማ፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል? ጉንፋን ነው እንዴ?» አልሽኝ። «አዎ፣ ጉንፋን ነው» አልኩሽ። ጉንፋን አልነበረም።

የምርምር ዕድሉን ያገኘሽ ጊዜ «አንድ ዓመት ሙሉ መኪና ሲሄድ ልታዪ ነው የሚከፍሉሽ?» ብዬ ስቄብሽ ነበር። አሁን ገብቶኛል። ያለ ሾፌር የሚሄዱት መኪኖች ፍጥነታቸውን፣ ፍሬን የያዙበትን ቦታና ሰዓት በየሰከንዱ ይመዘግባሉ፤ አንቺ ደግሞ ያን ሁሉ ቁጥር እንደ እህል ታበጥሪያለሽ። ስታበጥሪም ከጡብ ፋብሪካው በታች ያለውን ኩርባ አገኘሽ። አባትሽ የሞተበትን።

«እማ፣ መኪኖቹም አያዩም!» ብለሽ የጮኽሽበት ቀን ጆሮዬ ላይ አለ። «ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ካሜራቸው ይታወራል! ደመና ባለበት ቀን ምንም አይሆኑም። በሦስት ወር ውስጥ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ጊዜ ድንገት ፍሬን ይዘዋል። ጥፋቱ የመንገዱ ነው፤ የአባዬ አይደለም!» እልል እንድልልሽ ጠብቀሽ ነበር። እኔ ግን «ምሳ በልተሻል?» አልኩሽ።

የላክሽልኝን ጽሑፍ እንደ ልማዴ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩት። አራተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሾፌሩ ከአደጋው አምስት ወር በፊት የዓይን ምርመራ አልፏል፤ ስለዚህ የእይታ ችግር ለአደጋው ምክንያት ሊሆን አይችልም።» ማስመሪያዬ እዚያ ላይ ቆመ።

ያ የምስክር ወረቀት ውሸት ነው። ውሸት ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ያን ዓመት አባትሽ «ሲመሻሽ መንገዱ ወተት ይሆንብኛል» ይለኝ ጀመር። አንድ ቀን ጫማውን እያወለቀ፣ «ጋራዡ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ ተገኝቷል፤ ልግባበት ይሆን?» አለኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ገና በአርባ ዓመትህ ብሎን ልትቆጥር?» አልኩት።

ለእንጀራ ብዬ ነው እንዳልልሽ እንጀራው አይጠፋም ነበር። አውቶቡሱን ይዞ በደጃችን ሲያልፍ ጥሩምባውን ነፍቶ፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላም ይለኝ ነበር፤ ሰፈርተኛው ሁሉ ያያል። ለዚያች ሰላምታ ነው።

እኔ ያኔ ክሊኒክ ውስጥ ጽዳት ነበርኩ። ከቅርጫት የተጣለ ወረቀት እያነሳሁ ማንበብ የተማርኩበት ክሊኒክ ነው። የዓይን ሐኪሙን ክፍል ሰሌዳ በየጠዋቱ የምወለውለው እኔ ነኝ። ፊደል አልነበረበትም፤ ሦስት ጣት የሚመስል ምልክት ብቻ፣ ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ የሚጠየቅበት። መንጃ ፈቃድ የሚያሳድስ ሰው አምስተኛውን መስመር ማለፍ ነበረበት። መስመሩን በተጣለ ቅጽ ጀርባ ላይ ገለበጥኩት።

ወጥ ቤት ሆነን አስጠናሁት። ይሳሳታል። «ታች ሁለቴ ነው አልኩህ! ሁለቴ!» እለዋለሁ። አንቺ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጠሽ ትሰሚ ኖሯል። በማግስቱ ገመድ እየዘለልሽ «ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ» ስትይ አባትሽ ሳቁ ገነፈለ። ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጋር ማጥናቱን ትቶ ከአንቺ ጋር አጠና።

አዎ ልጄ። «የአባዬ ዘፈን» የምትይው፣ ፈተና በገባሽ ቁጥር የምታንጎራጉሪው እሱ ነው። ቅዳሜ «ሐሙስም እሱን ብዬ ነው የምገባው» ስትይኝ ነው ድምፄ የጠፋው። አንቺ ግን ምንም ጥፋት የለብሽም። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ይህችን መስመር ሁለቴ አንብቢያት።

ሐኪሙ «ይሄ ሰውዬ ንስር ነው!» አለ። አባትሽ ኮሪደሩ ላይ በመወልወያዬ አጠገብ ሲያልፍ «ንስሯ አንቺ ነሽ» ብሎኝ ሄደ። ሳቅን። ከአምስት ወር በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች አውርዶ ባዶውን አውቶቡስ ሲመልስ፣ ኩርባው ላይ ከቆመ የአሸዋ መኪና ጋር ተጋጨ። «የሾፌር ስህተት» ተብሎ ተጻፈ። አንቺ በዚያ ቃል እየተናደድሽ አደግሽ። እኔም ንዴትሽን አላበረድኩትም፤ ተደበቅሁበት።

ምናልባት ጤነኛ ዓይን ያለውም ሰው ከዚያ ፀሐይ አያመልጥም ነበር። ምናልባት። ይህችን ቃል አንቺ ናት ያመጣሽልኝ፤ ከዚያ በፊት እሷም አልነበረችኝም። ግን ከሷ በላይ ልወስድ አልችልም።

«እሾህ» እያልሽ የምትጠሪው የመንገድ መሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ አንዲት ውሸት ካገኘ ሙሉ ሥራሽን ይጥለዋል ብለሽኛል። እንግዲህ ውሸቷ አራተኛው ገጽ ላይ ናት። አውጪያት። የቀረው ጽሑፍሽ ያለ አባትሽ ይቆማል። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ጊዜ ፍሬን የያዙት መኪኖችሽ ማንም መስመር አላስጠናቸውም። ዛሬም በዚያ ኩርባ የሰው ልጅ እየነዳ ያልፋል፤ ለእሱ ስትይ አውጪያት።

የገለበጥኩበትን ቅጽ መዝገበ ቃላቴ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አኑሬዋለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኚዋለሽ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

አሁን ሾፌሩ በሩን አንኳኳ። «እትዬ፣ ደብዳቤ ነው ወይስ መጽሐፍ የምትጽፊው? አውቶቡሱ እኮ አይጠብቅም!» ይላል። ደብዳቤውን ብቻ ልሰጠው ነበር ሐሳቤ። አሁን ግን ወንበር እንዲይዝልኝ ነገርኩት። «በኩርባው በኩል ነው እኮ የምናልፈው፤ ከፈለግሽ ያኔ ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ጨፍኜዋለሁ፤ ዛሬ አልጨፍንም።

ይህን ስታነቢ እኔ በርሽ ላይ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ነኝ። ልታዪኝ ካልፈለግሽ ለሾፌሩ ንገሪው፤ በመጣሁበት እመለሳለሁ፤ አልቀየምም። ከፈለግሽኝ ሐሙስ አብሬሽ እገባለሁ። እሾህ ሲጠይቅ የምመልሰው እኔ ነኝ።

ያስጠናሁት እኔ፣
እናትሽ