ስለ አምስት ሰዓት ተኩሉ ሳቃችን

ለክቡር የቴሌቪዥን ጣቢያው የምሽት ፕሮግራሞች ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እየጠየቅሁ፣ በተለይ እንቅልፍዎ የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ የእኔን ቤት ምሽት በአንድ መግለጫ ከዘጉ ወዲህ በጊዜ እንደሚተኙ አልጠራጠርምና።

ስሜ ሰርፀ ይባላል። የምኖረው ላስ ቬጋስ፣ ሲልቬራዶ ራንች የሚባል ሰፈር ሲሆን በአንድ ካዚኖ ወጥ ቤት በማታ ሺፍት እሠራለሁ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ቤት ስደርስ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጄ ሐሴት ከሶፋው ላይ ሆና «አባ፣ ና፣ ጀመረ» ትለኝ ነበር። አማርኛዋ ብዙ አይደለም፤ ይህችን ግን አትሳሳትም። ስድስት ዓመት ሙሉ የማታው የቀልድ ቶክ ሾው አቅራቢዎ መጋረጃውን ገልጦ ሲወጣ አብረን አይተናል። እንግሊዝኛው ብዙ ባይገባኝም እኔ ከታዳሚው ጋር ቀድሜ እስቃለሁ፤ ምን እንደተባለ የምጠይቃት በኋላ ነው። እሷ በተሰባበረ አማርኛ ታስረዳኛለች፤ አልገባ ሲለኝ ደግሞ በእኔ ትስቃለች።

ቅሬታዎቼ እንደሚከተለው ናቸው፦

1ኛ. ከጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ዘመን ጀምሮ ሰባ ዓመት የዘለቀውን ወግ፣ ጠረጴዛውን፣ የእንግዳ ወንበሩንና የሙዚቃ ባንዱን ጭምር፣ «ዘመኑ አልፏል» በሚል ሁለት መስመር መሸኘትዎን አደንቃለሁ። ሐሴት ይህን ታሪክ ለኮሌጅ ስትጽፍ እንደነገረችኝ፣ አቅራቢዎች ያረጃሉ፣ በወንበሩ ይጣላሉ፣ ይተካካሉ፤ ወንበሩ ግን ባዶ አያድርም ነበር። ባዶ ለማሳደር ስለበቁ እንኳን ደስ ያለዎት።

2ኛ. በእኛ ሥራ ቤት ሺፍት የሚመረጠው በዓመት አንዴ፣ በአገልግሎት ዘመን ተራ ነው። ዘንድሮ፣ በአሥራ አራተኛ ዓመቴ፣ የቀኑ ሺፍት ደርሶኝ ነበር። እሱ ግን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ስለሚጀምር በጊዜ መተኛት ሊኖርብኝ ነው፤ ልጄ ደግሞ ከኮሌጅና ከሥራ የምትገባው ማታ ነው። ስለዚህ የሥራ ባልደረባዬ ጽጌወይን አበድክ ወይ እያለችኝ ማታውን ፈረምኩ። እርስዎ በሳምንቱ ፕሮግራሙን ዘጉት።

3ኛ. ቅሬታዬን በኢሜይል ብልክ፣ የቀድሞ ቅንጫቢዎችን በፈለግሁት ሰዓት በስልኬ ማየት እንደምችል መሥሪያ ቤትዎ አበሰረኝ። ልጄም በፈለገችው ሰዓት፣ ክፍሏን ዘግታ፣ በጆሮ ማዳመጫ ታያለች። ሳቋ በግድግዳው አልፎ ይሰማኛል። ምን እንዳሳቃት ስጠይቃት ሊንኩን ቴክስት አደርግልሃለሁ ትላለች፤ ደግሞም ትልካለች። ለብቻዬ ከፍቼ አያለሁ፤ ታዳሚው ይስቃል፣ እኔ የምጠይቀው ሰው ስለሌለኝ ስልኩን እዘጋለሁ። ክቡርነትዎ፣ ተናድጃለሁ፤ ይህን በትህትና ልሸፍነው አልቻልኩም። በፈለጉት ሰዓት ለሚታይ ነገር «ና፣ ጀመረ» ብሎ የሚጣራ ሰው የለም።

ለዋሉልኝ ውለታ ሁሉ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ሶፋው ሙሉ በሙሉ የተለቀቀልኝ፣

አክባሪዎ ሰርፀ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ሲያነቡት እንደ እኔ ቀድመው ይሳቁ። ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ በኋላ ልጅዎን ይጠይቋት፤ በሯን ካልዘጋች።