የአለቃ ቀይ መስመር አይነካም

ለተከበሩ አቶ አበራ ወልደ ሐዋርያት
የዝውውር ክፍል ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡርነትዎ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ከጣና የሚነሣው ነፋስ በቢሮዎ መስኮት እየገባ ያቀዝቅዝዎት፣ ወንበርዎም ይመችዎት እያልሁ፣ እኔ ጎርጎራ በነርስነት የማገለግለዋ ሙሉነሽ ገድሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ልጄ ወዳለችበት ወደ ባሕር ዳር እንድዛወር የፈቀዱበት ደብዳቤ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ከምስጋናዬ ጋር ጥቃቅን ነገሮች ባነሣ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

አንደኛ፦ ደብዳቤው ከነእርማቱ ታትሞ ማኅተም ተመትቶበታል። «ተፈቅዷል» የሚለው በቀይ ተሰርዞ «አልተፈቀደም» ገብቷል፤ እሱም ተሰርዞ እንደገና «ተፈቅዷል» ተብሏል። የተመደብሁበት ጤና ጣቢያም ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብዳቤ አንቀበልም ብሎ መለሰኝ።

ሁለተኛ፦ ጸሐፊዎ ወይዘሪት ጽጌ እርማቱን አጥፍታ እንድታትምልኝ ብለምናት፣ የአለቃን ቀይ መስመር መንካት ንቀት ነው ብለው እንደከለከሏት ነገረችኝ። ጉድ እኮ ነው! ለካ አለቃ መሥራቱ የሚታወቀው በዚያ ቀይ መስመር ኖሯል። ሌላ ምልክት እንደሌለዎት ስለማውቅ አልፈርድብዎትም።

ሦስተኛ፦ ብነዘንዝዎት ጊዜ ቀዩ የማይታይበት ፋይል ላኩልኝ፤ ጤና ጣቢያው ሲከፍተው ግን ቀዩ እንዳለ ብቅ አለ። ክቡርነትዎ፣ እርማትን መደበቅ ማጥፋት አይደለም። ኮምፒዩተሩ ላይ «ሪቪው» የሚለውን ከፍቶ «አክሰፕት ኦል»፣ ማለትም ሁሉንም እርማት ተቀበል ማለት፣ ቀጥሎም እርማት የሚመዘግበውን «ትራክ ቼንጅስ»ን ተጭኖ ማጥፋት ነው፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ለመማር ስብሰባም ሥልጠናም አበልም አያስፈልግም፤ ያልተማሩትም ለዚሁ ይመስለኛል።

እርስዎ ለቀለምዎ ሲሳሱ ልጄ ሔራን ከእናቴ ጋር እያደገች ነው። ያንን ደብዳቤ ይዤ በደስታ ስመጣ አላወቀችኝም፤ አያቷ ጀርባ ተደብቃ አለቀሰች። እማዬ የምትለው አያቷን ነው።

ለድካምዎ ሁሉ ዋጋዎን ሳያጎድል እንዲከፍልዎ ፈጣሪን ዘወትር የምትለምን፣

ትሑት አገልጋይዎ
ሙሉነሽ ገድሉ

ማስታወሻ፦ «አክሰፕት ኦል» በኅዳጉ የተጻፈ አስተያየት አያጠፋም። ስለዚህ በስምዎ የሰፈረው «ይህች ሴትዮ ነዝናዛ ናት፤ ፈርመን እንገላገላት» የሚለው አሁንም እዚያው አለ። አደራዎን፣ እሱን አይንኩብኝ፤ ከቢሮዎ የወጣ ግልጽ ነገር እሱ ብቻ ነው። መፈረሙንስ ፈርመዋል፤ መገላገሉ ግን ገና ነው። ሰኞ ጠዋት ሔራንን፣ እያለቀሰችም ቢሆን፣ አዝዬ በርዎ ላይ ነኝ።